የአባዬ ኮምፒውተር «5 ቫይረስ ተገኝቷል፣ ይክፈሉ» እያለ አላስቀምጥ አለን፣ እውነት ነው ወይስ ውሸት?

የአቶቴ ልጅ (ሀዋሳ)
እሁድ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ በጣም ጨንቆኛል። ቤታችን ያለው ዴስክቶፕ ነው፣ ዊንዶውስ 10፣ ከሐሙስ ጀምሮ ታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ ጋ ቀይ ሳጥን እየወጣ ጢጥ ጢጥ ይላል። በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው፣ ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተይዟል ዓይነት ነገር። ስዘጋው ደቂቃ ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ጋሻ የተሳለበት ገጽ ስክሪኑን በሙሉ ይሸፍንና ራሱ ስካን ማድረግ ይጀምራል፣ የፋይል ስም በፍጥነት እየዘረዘረ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ አሁን ካላጸዱ ፋይሎችዎ ይጠፋሉ ብሎ 39.99 ዶላር ይጠይቃል። ከ5 ደቂቃ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓትም አለው።

ያስጨነቀኝ ምን መሰላችሁ፣ አባዬ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነው። የ140 አባወራ መዝገብ፣ ማን ከፈለ ማን ውዝፍ አለበት፣ ለየቀብሩ የወጣው ወጪ፣ የድንኳንና የወንበር ኪራይ፣ የ6 ዓመት ሂሳብ በሙሉ አንድ የኤክሴል ፋይል ላይ ነው ያለው፣ ኮፒ የለውም። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሳይ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ «የሰው ገንዘብ ነው የያዝኩት ልጄ፣ ይሄ ቢጠፋ ለሰዉ ምን እላለሁ» አለኝ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ሊንኩን ላኩልኝና በካርዴ ልክፈልለት ብላለች፣ አባዬም ሊስማማ ነው። ዛሬ ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ቤት ገብቼ ስጠይቅ ማሽኑን እንኳን ሳያየው «ፎርማት ነው፣ 600 ብር፣ አምጪው» አለኝ፣ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ምን ላድርግ?

ብየዳው (ሀዋሳ፣ ፒያሳ)
እሁድ ማታ 2፡31

እህቴ አትክፈሉ። አክስትሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያት፣ የካርድ ቁጥሯን የትም እንዳታስገባ። እኔ ጥገና ስሠራ 11 ዓመቴ ነው፣ ይሄን ነገር በየሳምንቱ ነው የማየው፣ ስሙና ቀለሙ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ አባትሽ እንዲረጋጉ ይሄን ንገሪያቸው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሌላ ክፉ ቫይረስ አለ፣ ያኛው ሲገባ ፋይሎቹ ስማቸው ይቀየራል፣ ብትከፍቺያቸው እምቢ ይላሉ። የዕድሩ ፋይል አሁን ይከፈታል? ከተከፈተና ውስጡ ያለው ቁጥር እንደነበረ ከሆነ እናንተን የያዛችሁ እሱ አይደለም። የያዛችሁ አስፈራርቶ የሚያስከፍለው ነው፣ የሱ ሥራ ደግሞ ማስደንገጥ ነው።

አሁን ሳትነካኪ ሁለት ነገር እይልኝ። ሰዓቱ ጋ ያለችዋን ወደ ላይ የምታሳይ ቀስት ስትጫኚ ከዚህ በፊት የማታውቂው ምልክት አለ? ሌላው፣ ቀዩ ሳጥን ሲወጣ ከስሩ ወይ ከላዩ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፣ ክሮም የሚል ስምና የሆነ ድረ ገጽ አድራሻ። እሱ አለ ወይስ የለም? እሱን ሳላውቅ መድኃኒቱን ልነግርሽ አልችልም፣ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው።

ታቦር 22 (ሀዋሳ)
እሁድ ማታ 2፡40

ምን ያደክማችኋል ፎርማት አድርጉትና ተገላገሉ። አብዛኛውን ቫይረስ ፎርማት ያጸዳዋል፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ሚሚ (ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ)
እሁድ ማታ 2፡52

ታቦር በናትህ እንደዚህ አትበል። እኔ ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ላፕቶፔ እንደዚሁ ሲሆንብኝ ወስጄ ሰጠሁ፣ ልጁ «ዲ ድራይቭ ላይ ያለው አይነካም» አለኝ፣ ሲመልስልኝ ዲ የሚባል ነገር ራሱ የለም፣ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ዊንዶውስ ጭኖበታል። የእናቴ የመጨረሻ ፎቶዎች እዛ ነበሩ። ቫይረሱ ምንም አልነካቸውም ነበር፣ ያጠፋቸው ጥገናው ነው። ስለዚህ የአቶቴ ልጅ እባክሽ ከሁሉም በፊት ያንን የዕድር ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ፣ ከዛ ሌላው ይደረስበታል።

እና አንድ ነገር ልጨምር። ያ ስካን ውሸት መሆኑን ያረጋገጥኩት በስልኬ ነው። አንድ ቀን በስልኬ ፊልም ስፈልግ ልክ ያው ቀይ ገጽ መጣና ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ፋይል ውስጥ 5 ቫይረስ አገኘሁ አለኝ። ስልኬ እኮ ቴክኖ ነው፣ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሲ ድራይቭ ከየት መጣበት? ዳታዬን ዘጋሁት፣ ስካኑ ግን ቀጠለ፣ መቶ ፐርሰንትም ደረሰ። የተሳለ ሥዕል ነው እንጂ ምንም የሚፈትሸው ነገር የለም።

ብየዳው
እሁድ ማታ 3፡05

ሚሚ ያየሽው ትክክል ነው። አንድ ድረ ገጽ ዝም ብሎ ስለተከፈተ ብቻ የማሽንሽን ሃርድ ዲስክ ገብቶ መፈተሽ አይችልም፣ ብራውዘሩ አይፈቅድለትም። እውነተኛ ስካን ደግሞ በ20 ሰከንድ አያልቅም፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ሙሉ ስካን ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ እኔ ማታ አስጀምሬ የማድርበት ጊዜ አለ።

ታቦር፣ ፎርማት መድኃኒት አይደለም አላልኩም፣ እኔም አደርጋለሁ፣ ግን የመጨረሻው ነው። ሰው ጉንፋን ሲይዘው ቀዶ ጥገና አይገባም።

የአቶቴ ልጅ
እሁድ ማታ 3፡48

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ትንሽ ቀለል አለኝ። ፋይሉ ይከፈታል! አባዬ ራሱ ከፍቶ የመስከረምን ክፍያ አየ፣ ሁሉም በቦታው ነው። አሁን ፍላሽ ላይ ልገልብጠው ስል ግን ፍላሹም ቢበከልስ ብዬ ፈራሁ።

ያልከኝን አይቻለሁ። ሳጥኑ ሁለት ዓይነት ነው፣ እስከዛሬ ልብ አላልኩትም። አንደኛው ላይ ክሮም ይላል ከጎኑ ትርጉም የሌለው ረጅም አድራሻ አለው። ሁለተኛው ግን ክሮም አይልም፣ ጋሻ ብቻ ነው ያለው፣ ቀስቷን ስጫንም ያው ጋሻ እዛ ተቀምጧል። ክሮምን ዘግቼው ሁለቱም መጡ።

ብየዳው
እሁድ ማታ 4፡12

በጣም ጥሩ አየሽ፣ ሁለቱም በሽታ አለባችሁ ማለት ነው። ክሮምን ዘግተሽም መምጣቱ አያሳስትሽ፣ ክሮም ሲዘጋም ከጀርባ መሥራቱን ሊቀጥል ስለሚችል ኖቲፊኬሽኑ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚልከው ሳጥን ይመጣል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተሳስቶ ፎርማት የሚያደርገው።

ፍላሹን አትፍሪው። የዕድሩን ኤክሴልና ፎቶዎቻችሁን ብቻ ገልብጪ። ፕሮግራም፣ ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም)፣ ሴትአፕ የሚባል ነገር አብሮ እንዳይሄድ፣ ሙሉ ዴስክቶፑን ይዘሽ እንዳትገለብጪ፣ አንድ በአንድ መርጠሽ። ከዛ በፊት የዋይፋዩን ወይ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀይው። ገልብጠሽ ስትጨርሺ ፍላሹን አውጪና አባትሽ እጅ ላይ አድርጊው፣ እሳቸውም ይተኙ።

የክሮሙ ቀላል ነው፣ 3 ደቂቃ ነው። ክሮም ክፈቺ፣ ከላይ ቀኝ ጥግ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሴቲንግ፣ ከዛ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለው፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። ወደ ታች ስትወርጂ ኖቲፊኬሽን እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች ዝርዝር አለ፣ የማታውቂውን ሁሉ ሪሙቭ በይው። እንዴት ገባ ካልሽ፣ አንድ ገጽ ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ብሎ ይጠይቃል፣ አላው ያልሽ ቀን ማስታወቂያ እንዲልክ ፈቃድ ሰጠሽው ማለት ነው። ቫይረስ አይደለም፣ ፈቃድ ነው፣ ለዛም ነው ፈቃዱን ስትነጥቂው ወዲያው ዝም የሚለው። እዛው ሳለሽ ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የሚለውንም እይ፣ ያላስገባችሁት ካለ አውጪው።

የጋሻውን ነገ እናየዋለን፣ እሱ ኢንስቶል የሆነ ፕሮግራም ነው።

ሰላም ከአዳማ (አዳማ)
እሁድ ማታ 4፡30

ጥያቄ አለኝ፣ ሰው ግን በእውነት ይከፍላል እንዴ? በእኛ አገር በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው ብለው ነው ይሄን ሁሉ የሚደክሙት?

የድሮ ካፌ (ሀዋሳ)
ሰኞ ጠዋት 1፡20

ሰላም ከአዳማ ይከፍላል ወንድሜ፣ በሚሊዮን ነው የሚከፍለው። እኔ በ2001 ዓ.ም ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ነበረኝ፣ 8 ኮምፒውተር። ያኔ አንቲቫይረስ 2009 የሚባል ነበር፣ ስሙ ራሱ እውነተኛ ይመስላል፣ አንድ ማሽን ላይ ከገባ ምንም ነገር ልትከፍት ስትል «ይሄ ፋይል ተበክሏል» እያለ ይዘጋብሃል፣ ታስክ ማናጀሩንም ይዘጋል፣ አንዳንዱ ቆይቶ የመጣው ወረቀት መክፈቻውን ዎርድን እንኳን አያስከፍትም ነበር። ተማሪዎች ማመልከቻ ሊያትሙ መጥተው ይመለሱ ነበር፣ እኔም ሁለት ሳምንት ካፌውን ግማሽ ዘግቼ ነው የሠራሁት።

ያኔ ከጀርባው ማን እንዳለ አላውቅም ነበር፣ በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ2008 መጨረሻ ላይ እንደዚህ የሚያስፈራራ ማስታወቂያ እየለቀቀ የውሸት ማጽጃ የሚሸጥ ቡድን ላይ ክስ መሠረተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደገዛቸው ነው የተገለጸው፣ በ2012 ፍርድ ቤት 163 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። በ2011 ደግሞ ኤፍቢአይ ከሌሎች አገር ፖሊሶች ጋር ሆኖ ሌላ ቡድን ያዘ፣ 960 ሺህ ሰው 72 ሚሊዮን ዶላር አጥቷል ነው ያሉት። በዛው ዓመት አፕል ኮምፒውተር ላይም ማክ ዲፌንደር የሚባል መጣ፣ ማክ ቫይረስ አይነካውም ይባል የነበረውን ሰው ሁሉ ያስደነገጠ።

እና እነዚህ ሰዎች ሀዋሳን አስበው አይደለም የሚሠሩት፣ መረቡን ዓለም ላይ ይጥሉታል የገባ ይገባል። ግን እኛም አክስት አለን፣ ወንድም አለን፣ ውጭ ያለ ዘመድ በፍቅር ይከፍላል። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ፍራንኮ (አዳማ)
ሰኞ ጠዋት 2፡05

የድሮ ካፌ ያልከው እኛ ቤት ደርሷል። ባለፈው ዓመት እናቴ ኮምፒውተር ላይ መጥቶ ካናዳ ያለው ወንድሜ ከፈለ። በመጀመሪያ የተወሰደበት 49 ዶላር ነበር፣ በወሩ እንደገና ተቆረጠበት፣ ከዛ ደግሞ ገጹ ላይ የነበረው ስልክ ቁጥር ላይ ሲደውል «ከሩቅ ሆነን እናጽዳልዎት» ብለው ማሽኑን ከርቀት የሚቆጣጠሩበት ፕሮግራም እናቴን አስጫኑዋት። ማውዙ ብቻውን ሲንቀሳቀስ አይታ ደንግጣ ሶኬቱን ነቀለችው፣ እሱ ነው ያዳነን።

ወንድሜ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ለባንኩ ደወለ፣ ካርዱ ተዘጋ፣ ሁለተኛውን ክፍያ መለሱለት የመጀመሪያውን ግን አልመለሱለትም። እኛም የኢሜይልና የቴሌግራም ፓስወርድ በሙሉ ቀየርን፣ በስልክ ሆነን ነው የቀየርነው እንጂ በዛ ኮምፒውተር አይደለም። የከፈላችሁ ካላችሁ ሳታፍሩ ዛሬ ለባንካችሁ ደውሉ፣ እናቴ ለሦስት ሳምንት አፍራ ደብቃን ነበር፣ ሁለተኛው ብር የሄደው በዛ ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው።

የአቶቴ ልጅ
ሰኞ ማታ 1፡35

እናትህ እንዴት ደንግጣ ይሆን ፍራንኮ። አክስቴ ነግሬያት ትታዋለች።

ኖቲፊኬሽኑን ከፈትኩት፣ 11 ድረ ገጽ ተፈቅዶለት ነበር! አንዱንም አላውቀውም። ሁሉንም አጠፋሁ፣ አንደኛው ሳጥን ከዛ ወዲህ አልመጣም። የዕድሩ ፋይል ፍላሽ ላይ ነው፣ አባዬ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከዕድሩ ማኅተም ጋር አስቀመጠው።

የጋሻው ግን አሁንም አለ። ብየዳው ምን ላድርግ?

ብየዳው
ሰኞ ማታ 2፡20

ጎበዝ። አሁን ሴቲንግ ግቢ፣ አፕስ፣ አፕስ ኤንድ ፊቸርስ። ከላይ የሚደረደሩበትን በስም ሳይሆን በተጫነበት ቀን አድርጊው። ሐሙስ ዕለት የገባውን ነው የምንፈልገው። አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይገባም፣ ጓደኞቹን ይዞ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ የዛን ቀን የተጫነውን በሙሉ ጻፊልኝ፣ የምታውቁትን ተዪው።

ከዛ አንኢንስቶል በይው። ግን ተጠንቅቀሽ አንብቢ፣ ሲያወጡት ይለማመጣል። ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ላይ «ጥበቃዬን ልቀጥል» ይላል፣ ማውጫው ደግሞ ከስሩ ግራጫ ሆኖ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነው፣ ቁልፍም አይመስልም። አንዳንዱ ደግሞ መሃል ላይ በግማሽ ዋጋ ልስጥዎት ይላል። አዎ እና አይ የሚሉትን ቦታ ቀያይረው የሚጠይቁም አሉ። ቀስ ብለሽ።

የአቶቴ ልጅ
ሰኞ ማታ 3፡02

እንዳልከው ነው! ሐሙስ ቀን 4 ነገር ገብቷል፣ ጋሻው፣ አንድ ድራይቨር አዘምናለሁ የሚል፣ አንድ የማላውቀው ብራውዘር፣ አንድ ደግሞ ስሙ ቁጥር ብቻ የሆነ። ሦስቱ ወጡ፣ ግራጫዋን ጽሑፍ ባትነግረኝ አረንጓዴውን ነበር የምጫነው። ጋሻው ግን ኤረር ብሎ እምቢ አለ። ሌላው የዊንዶውሱን የራሱን አንቲቫይረስ ልከፍት ስል ጠፍቷል፣ ላበራው ስል ይሄ በአስተዳዳሪዎ ነው የሚመራው ይላል። የምን አስተዳዳሪ ነው፣ የአባዬ ኮምፒውተር እኮ ነው?

ብየዳው
ሰኞ ማታ 3፡25

ያ ነው ዋናው ሌባ። የቤቱን ዘበኛ አስሮ ነው የተቀመጠው።

ማሽኑን ሴፍ ሞድ እናስገባው፣ ሴፍ ሞድ ላይ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ስለሚያስነሳ ጋሻው አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም፣ የተኛ ሌባ መያዝ ይቀላል። ስታርት ግቢ፣ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭነሽ ሳትለቂ ሪስታርት በይ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት። ሲነሳ ቁጥር ያለበት ዝርዝር ያመጣል፣ 5 ንኪ፣ እሱ ከኢንተርኔት ጋር ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ አራቱም ጥግ ላይ ሴፍ ሞድ ብሎ ይጽፋል፣ አትደንግጪ።

እዛ ሆነሽ አድደብልዩ ክሊነር የሚባለውን አውርጂ፣ ነጻ ነው፣ ኢንስቶል አይጠይቅም፣ ማልዌርባይትስ የሚባሉት ሰዎች ናቸው ባለቤቶቹ። ከራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ ነው የምታወርጂው። ጉግል ላይ ስትፈልጊ ከላይ «ስፖንሰርድ» የሚለው ያለበትን እለፊው፣ እዛ ውስጥ ውሸተኛው ተደብቆ ሊጠብቅሽ ይችላል። አድደብልዩ ክሊነር ሲጨርስ ማልዌርባይትስን ራሱን ጫኚና ስካን አድርጊ፣ ማጽዳቱ በነጻው ይበቃል፣ ክፈይ ሲልሽ አያስፈልግሽም። የማሽኑ ኢንተርኔት ካስቸገረ በሚሚ ላፕቶፕ አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡት፣ ያ የዕድሩ ፋይል ባለበት ፍላሽ ግን አይሁን።

ሰላም ከአዳማ
ሰኞ ማታ 3፡40

የኔ ዊንዶውስ 7 ነው፣ ሺፍትና ሪስታርት አልሠራልኝም።

ብየዳው
ሰኞ ማታ 3፡44

7 ላይ ማሽኑ ሲነሳ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ኤፍ 8 ደጋግመህ ንካ። ግን ወንድሜ 7 ድጋፉ ከቆመ ቆየ፣ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 14 2020 ነው የቆመው፣ ክፍተቱ የሚደፈንለት የለም። 10ም እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 2025 አብቅቷል። ማሽንህ 11 የሚችል ከሆነ ቀይረው፣ የማይችል ከሆነ ኢንተርኔት ላይ ባንክ ነክ ነገር አትሥራበት።

ታቦር 22
ማክሰኞ ጠዋት 3፡15

ፎርማት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሚሚ ይቅርታ፣ ስለ እናትሽ አላወቅኩም ነበር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ ቴሌግራም ላይ የአንቲቫይረስ ቁልፍ የሚለቁ ቻናሎች አሉ፣ ሙሉውን በነጻ። እሱን ብንጭን አይሻልም?

ብየዳው
ማክሰኞ ጠዋት 4፡00

አይሻልም። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ በሽታውን ያገኙት እዛው ነው። ክራክ የምታደርግበት ፕሮግራም መጀመሪያ የሚልህ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ነው፣ በፈቃድህ በር ከፍተህ ነው የምታስገባው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ ከ2012 ማለት ነው፣ ዊንዶውስ የራሱ ሙሉ አንቲቫይረስ አብሮት ይመጣል፣ ዲፌንደር የሚባለው፣ በነጻ ነው፣ ለቤት ይበቃል። እሱን አብርተህ አዘምነው፣ ሁለት ሦስት አንቲቫይረስ መደራረብ ደግሞ ማሽኑን ያዘገየዋል እንጂ አይጨምርልህም።

የአቶቴ ልጅ
ማክሰኞ ማታ 2፡50

ጋሻው ወጣ!!! ሴፍ ሞድ ላይ አድደብልዩ ክሊነር 23 ነገር አገኘ፣ ማልዌርባይትስ ደግሞ 9። የሁለቱንም ኳራንቲን አድርጌ (ለይቼ ቆልፌ) ሪስታርት ሳደርግ ጢጥ ጢጡ የለም፣ ሰዓቱ ጋም ምንም የለም። አባዬ ከጎኔ ቆሞ ነበር፣ ለ10 ደቂቃ ዝም ብለን ስክሪኑን ስናይ ነበር ይመጣል ብለን።

ግን አሁን ክሮም ምንም ገጽ አይከፍትም፣ ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ይሠራል። አበላሸሁት እንዴ?

ብየዳው
ማክሰኞ ማታ 3፡01

አላበላሸሽም። ሌባው ኢንተርኔታችሁን በራሱ በኩል አዙሮት ነበር፣ አሁን እሱ ስለሌለ መንገዱ ተቆረጠ። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከታች ፕሮክሲ። ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር የሚለው በርቶ ታገኚዋለሽ፣ አጥፊው።

እሱ ሲስተካከል ዲፌንደሩን ክፈቺ፣ አሁን ሊበራልሽ ይገባል። ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚል አለ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ነው የሚፈትሸው፣ ለዛ ማሽኑ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል፣ 15 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። የተከፈተ ፋይል ካለ ሴቭ አድርጊና ዝጊ። ዴስክቶፕ ስለሆነ ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት አድርጉት፣ አቶቴ ማታ ማታ እንዴት እንደሚያደርጋችሁ አንቺ ታውቂያለሽ። እና ታስክ ስኬጁለር የሚባለውን ስታርት ላይ ጽፈሽ ክፈቺና ሐሙስ ቀን የተፈጠረ ነገር ካለ እይ፣ በየሰዓቱ ተመልሶ እንዲጫን ትዕዛዝ ትቶ የሚሄድ አለ።

የአቶቴ ልጅ
ረቡዕ ማታ 1፡15

ፕሮክሲው በርቶ ነበር፣ አጠፋሁት ሠራ። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ኦፍላይን ስካኑን አደረግኩ፣ ምንም አላገኘም። ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ግን ስሙ የተዘበራረቀ አንድ ነገር ነበር፣ ሐሙስ 10 ሰዓት ከ20 የተፈጠረ። አጠፋሁት።

ያቺ ሰዓት ናት ያስታወሰችን። አባዬ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ ነኝ» አለኝ። ሐሙስ ከሰዓት የአባላቱን ስም በአማርኛ ሊጽፍ ፈልጎ የአማርኛ መጻፊያ በነጻ ብሎ ጉግል ላይ ፈልጓል፣ የመጣው ገጽ ላይ ዳውንሎድ የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ነበረው፣ የፕሮግራሙ መስሎት ተጫነው፣ ማስታወቂያ ነበር። የ140 ሰው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ሰዎቹ ስማቸው ሲበላሽ ቅር እንዳይላቸው ብሎ ነው። አዛውንቶቹ ዝርዝሩ ላይ ስማቸውን ማንበብ እንዲችሉ።

የድሮ ካፌ
ረቡዕ ማታ 1፡40

አባትሽን ሰላም በይልኝ፣ እንደሳቸው ያለ ጸሐፊ ያለው ዕድር የታደለ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ማውረድ አያስፈልጋቸውም። ዊንዶውስ ውስጥ አማርኛ አለ። ሴቲንግ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ላንጉዌጅ፣ አድ ላንጉዌጅ፣ እዛ ላይ አማርኛን ፈልጊና ጨምሪ። ከዛ የዊንዶውሱን ቁልፍ ይዘሽ ስፔስ ስትነኪ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀይራል። የቁልፎቹ አቀማመጥ መጀመሪያ ያስቸግራቸው ይሆናል፣ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊና ስክሪኑ ጎን ለጥፊላቸው።

የአቶቴ ልጅ
ቅዳሜ ጠዋት 4፡30

የድሮ ካፌ ሠርቷል፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ወረቀቱን ለጠፍኩለት፣ አባዬ በሁለት ጣቱ ትናንት ማታ እስከ 63ኛው አባል ደረሰ። ፋይሉ አሁን ሦስት ቦታ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ፍላሹ ላይ፣ የእኔ ኢሜይል ላይ። ለነገው ስብሰባ ደግሞ የውዝፉን ዝርዝር ፕሪንት አድርገናል።

ብየዳው አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ መጀመሪያ ፋይሉን የገለበጥኩበት ፍላሽ ማሽኑ ሳይጸዳ በፊት ነው የተሰካው፣ እሱን ነገ የዕድሩ ሊቀመንበር ላፕቶፕ ላይ ብንሰካው ችግር አለው?

ብየዳው
ቅዳሜ ጠዋት 4፡52

መጀመሪያ የእናንተው ላይ ሰክተሽ ፍላሹን ሳትከፍቺው ራይት ክሊክ አድርጊና ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር በይው። ከኤክሴሉና ከፎቶው ሌላ ያላስገባሽው ነገር፣ በተለይ ሾርትከት የምትመስል ቀስት ያለባት ፋይል ካየሽ እንዳትነኪያት፣ ፍላሹን ይዘሽልኝ ነይ፣ ዛሬ እስከ ማታ 2 ሰዓት ሱቅ ነኝ። ንጹህ ነው ካለሽ ግን ስጪያቸው፣ ችግር የለውም።

የአቶቴ ልጅ
ቅዳሜ ቀን 5፡20

ንጹህ ነው። ሁለት ፋይል ብቻ ነው ያለው።